አስቸኳይ! ወንድሜ የያዘው “የትርፍ ሰዓት መረጃ ሰብሳቢ” ሥራ ዛሬ ሌላ ነገር ጠየቀው

የሳቢያኗ፦
የድሬ ልጆች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም የትርፍ ሰዓት ሥራ ይዞ ነበር። መጀመሪያ ቀፊራ እየሄደ የስኳርና የዘይት ዋጋ መመዝገብ ነበር፣ ቀጥሎ ባቡር ጣቢያውን ፎቶ አንሳ አሉት። ዛሬ ደግሞ የአየር ማረፊያውን አጥር በዙሪያው፣ በጅቡቲ መንገድ የሚያልፉትን የወታደር መኪኖች ከነሰዓታቸው እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ላክ ብለውታል። ካልላክህ የቀረህ ብር የለም፣ ስምህና መታወቂያህ እኛ ጋ ነው አሉት። እሱ ልሂድ እያለ ነው፣ እኔ በሩን ዘግቼበታለሁ። ምን ላድርግ? ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ላጥፋው?

የከዚራ ልጅ፦
አቦ በሩን እንዳትከፍቺ! ምንም እንዳታጠፊ።

ባጃጅ ነጂው፦
ወንድምሽን እኔ ጋ ላኪው፣ ባጃጁ ኋላ ላይ ጫት እያስቃምኩ እስከ ሌሊት አዞረዋለሁ፣ ሦስት ሰዓት ሳያውቀው ያልፋል 😂 በቁም ነገር ግን፣ እዚያ አጥር አካባቢ ተሳፋሪ ሳወርድ ስልክ ያወጣ ሰው ወዲያው ይጠራል። ዛሬ ማታ ከሄደ ፎቶውን ሳይልክ ነው የሚያዘው።

መልካ ጀብዱ፦
ብሎክ አድርጉት። ሌላ መፍትሔ የለም።

ሐምሳ አለቃ (ጡረታ)፦
ልጄ፣ ረጋ ብለሽ ስሚኝ። በነሐሴ 1969 የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር፣ ሊይዛት ግን አልቻለም። የፈለገው የአየር ማረፊያውንና የባቡሩን መስመር ነበር። ዛሬም የአገሪቱ አብዛኛው ገቢና ወጪ ዕቃ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው፤ አዲሱ ባቡርም ከ2010 ጀምሮ በዚሁ አቅጣጫ ይሠራል። ስለዚህ የድሬን አጥርና መንገድ በሰዓት እየመዘገበ የሚጠይቅ ሰው የስኳር ዋጋ ነጋዴ አይደለም። የወታደር መረጃ እንዲህ ነው የሚሰበሰበው፦ ማን በየት አለፈ፣ ስንት ሆኖ አለፈ፣ በስንት ሰዓት። ጥይት ከመተኮሱ በፊት የሚፈለገው ይኼ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ማንም አላስተማራችሁም፣ እኛ ግን በሠልፍ ሜዳ ላይ ነው የተማርነው፣ ዝርዝሩን በሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ከውጭ የሚጽፍ፦
ሰው ሳይጣራ ለምን ሰላይ ትሉታላችሁ? አሜሪካ ውስጥ በትርፍ ሰዓት የወታደር መረጃ ሥራ የሚሠራ በሽ ነው። የዩታ ናሽናል ጋርድ (የክፍለ ግዛቱ ተጠባባቂ ጦር) ውስጥ 300ኛ የሚባል የቋንቋ ባለሙያዎች የመረጃ ብርጌድ አለ፣ ሰዎቹ በሌላው ጊዜ መምህርና ነጋዴ ናቸው፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ የወታደር ልብስ ይለብሳሉ። ደግሞም አጥሩን ሳተላይት ያሳየዋል፣ ማንም በስልኩ ከፍቶ ያያል። ልጁ ምን ምሥጢር አወጣ?

ሕግ ተማሪ፦
ወንድም፣ ሁለቱን አትቀላቅል። የዩታው ሰው ለማን እንደሚሠራ ያውቃል፣ ምሏል፣ ታሪኩ ተጣርቷል፣ አለቃው ስም አለው፣ ሕግ ይጠብቀዋል። ይኼ ልጅ አሠሪው ማን እንደሆነ አያውቅም። ከተያዘ “ማን ላከህ?” ሲባል የሚጠራው ሰው የለውም። ትርፍ ሰዓት መሆኑ ሥራውን አያቀለውም።

ሳተላይቱም ቢሆን ግንቡን ያሳያል፣ በየቀኑ ማን እንደሚገባና እንደሚወጣ ግን ቆሞ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። አንድ ፎቶ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ቦታ፣ ቀን ከቀን ሲደጋገም ግን የጦር እንቅስቃሴ መዝገብ ይሆናል። ክፍያውም የሚከፈለው ለመደጋገሙ ነው።

የሳቢያኗ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስለላን በአንቀጽ 252 ይቀጣል፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ግን ሳያውቅ የሠራና አውቆ የቀጠለ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ወንድምሽ እስከ ዛሬ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ከዛሬው መልእክት በኋላ የሚልከው ሌላ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ማታ የሚወስነው።

መልካ ጀብዱ፦
ብሎክ!

ሕግ ተማሪ፦
ብሎክ ቆይ። መጀመሪያ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንሱ፣ የተጠቃሚውን ስም፣ የክፍያውን ማስረጃ፣ ቀኑ እንዲታይ። ያዘዙት ሰዎች መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ሊያጠፉት ይችላሉ፣ ያኔ በወንድምሽ እጅ የሚቀረው የላከው ፎቶ ብቻ ይሆናል።

የሳቢያኗ፦
ስክሪንሾቱን እያነሳን ነው። ፎቶውን “ፋይል አድርገህ ላክ፣ ሎኬሽን አብራ” ይሉት ነበር ይላል። ይኼ ምን ማለት ነው?

ስልክ ጠጋኙ (ታይዋን)፦
ይኼማ ግልጽ ነው እህቴ። በቴሌግራም ፎቶ እንደ ፎቶ ስትልኪ ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቦታና ሰዓትም ይጠፋል። እንደ ፋይል ስትልኪ ግን ስልኩ የጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፦ የቆመበት ቦታ፣ ሰዓቱ፣ የስልኩ ዓይነት። የስኳር ዋጋ የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ በፋይል አይለምንም። አሁን የካሜራውን ሎኬሽን አጥፊ፤ በስልኩ ውስጥ የቀሩትን ፎቶዎች ግን አትንኪያቸው፣ ማስረጃ ናቸው። ስልኩን ለማጽዳት ወደ ማንም ጠጋኝ እንዳትወስዱት፣ እኔ ራሴ ጋም ቢሆን።

የመጋላዋ፦
እህቴ፣ ልጁ ላይ አትጩኺበት። ሥራ አጥቶ ተቀምጦ “ቀላል ሥራ፣ ጥሩ ክፍያ” የሚል ሲያይ የማይገባ ወጣት ስንት አለ? ዛሬ የሚያስፈልገው ከጎኑ የሚቆም ሰው ነው። አባታችሁን ወይ አጎታችሁን ጥሪ።

የጋዜጣ ወዳጅ፦
ነገሩ የድሬ ብቻ አይደለም። ፖላንድ ውስጥ ለሩሲያ ይሠራል የተባለ መረብ ሰዎችን በቴሌግራም ቀጥሮ ወደ ዩክሬን በሚሄደው የባቡር መስመር ዳር ካሜራ እንዲሰቅሉ ከፍሏቸው ነበር፤ በታኅሣሥ 2016 ላይ አሥራ አራት ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። የመጀመሪያው ሥራቸው ወረቀት መለጠፍና የመሳሰለ ተራ ነገር ነበር። ወንድምሽም ከዘይት ዋጋ ጀምሮ ወደ አጥሩ ነው የተሳበው። ቀጣሪዎቹ የፈለጉት መንገድ ይኼው ነው።

ሕግ ተማሪ፦
አሁን የምታደርጉት ይኼ ነው። አንድም ነገር አይላክም። ለዚያ ሰው መልስ አይሰጥም፣ ስድብም፣ “ፖሊስ እነግራለሁ” የሚል ማስፈራሪያም፣ የቀረውን ብር መጠየቅም የለም። ነገ ጠዋት ጠበቃ ፈልጉ፤ አቅም ካጣችሁ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ክፍሎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሉ። ከዚያ በሽማግሌና በጠበቃ ሆናችሁ ራሳችሁ ሂዱና አመልክቱ። ሳይፈልጉት ቀድሞ የቀረበ ሰው ቦታው ሌላ ነው። ምናልባት ቢያዝ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ዝም የማለት መብት አለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።

ከውጭ የሚጽፍ፦
ጠበቃውን እቀበላለሁ። ግን ራሱ መሄዱ ያስፈራኛል፣ ጣቢያ ገብቶ ቢቀርስ?

ሐምሳ አለቃ (ጡረታ)፦
ፍርሃትህ ይገባኛል፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ነገር ግን መታወቂያውን የያዘው ያ ሰው ነው። ነገ ሌላ ልጅ ቢያዝና የወንድሟ ስም ከዚያ ልጅ ስልክ ቢወጣ ማስረዳት ይከብዳል። ልጄ፣ ሰው ከሌላችሁ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብሬ እሄዳለሁ።

ባጃጅ ነጂው፦
የሳቢያኗ፣ ሦስት ሰዓት አለፈ። ልጁ ቤት ነው?

የመጋላዋ፦
እህቴ አንድ ቃል ጻፊልን።

መልካ ጀብዱ፦
ስክሪንሾቱ ካለቀ ብሎክ።

ሕግ ተማሪ፦
ካለቀ አዎ። ስክሪንሾቱን ግን በሌላ ስልክ ላይም አስቀምጡት፣ ነገ ስልኩ ለምርመራ ቢያዝ ለጠበቃው የምታሳዩት ኮፒ ይኑራችሁ።