ግቢ ውስጥ ያሉ ዛፎች ላይ ታፔላ ብናደርግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የእጽዋት ማዕከል ማድረግ ይቻላል? (ጎንደር)

የብሳናው ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገን፣ ጎንደር ነው ምማረው፣ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ባለፈው እናቴ ከደባርቅ መጥታ ግቢውን እያስጎበኘኋት አንድ ዛፍ ጋ ቆመችና ይሄ ብሳና አይደለም እንዴ አለችኝ፣ እኔ እንጃ አልኳት 😅 ቅጠሉን ገልብጣ ስሩ ነጣ ማለቱን አሳየችኝ፣ ከዛ መሬት ከወደቀው መሀል እንደ ብርቱካን የቀላ አንድ አንስታ "ልጅ ሆነህ ጭርት ሲይዝህ በዚህ አልነበር የማሽህ!" አለችኝ። ማፈሬን አትጠይቁኝ። ውጭ አገር ግቢያቸው እንዳለ ቦታኒካል ጋርደን የሆነ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ፣ እኛስ ጋ እንዴት ይጀመራል? ታፔላው ላይ ምን ይጻፍ? ለጊዜው ቆርቆሮ ቆርጠን በሚስማር ልንመታ ነበር ያሰብነው።

ችግኝ ጣቢያ፦
ኧረ ሚስማሩን ተወው ወንድሜ! ግንድ በየዓመቱ ወደ ጎን እየወፈረ ስለሚሄድ ታፔላውን ይውጠዋል። በፊት የምሠራበት ግቢ ዋንዛው ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነበር፣ ስለቅ "ዋን" ብቻ ነው ሚነበበው፣ "ዛ" ልጡ ውስጥ ገብቷል። ሽቦም ጥምጥም አድርገህ ካሰርክ ያንቀዋል። አጠር ያለ ብረት ግንዱ አጠገብ መሬት ላይ ትከልና ታፔላውን እሱ ላይ አድርግ፣ አለቀ። የሚጻፈው የአማርኛ ስሙ፣ ሳይንሳዊ ስሙ፣ የእጽዋት ቤተሰቡ፣ አገር በቀል ነው ወይስ መጤ የሚለው፣ ከምንም በላይ ደግሞ ቁጥር። ቁጥሩ ደብተር ላይ ይመዘገባል፣ ዘሩ ከየት መጣ፣ መቼ ተተከለ፣ ማን አወቀው። እሱ ከሌለ ታፔላ ያለው መናፈሻ ነው እንጂ የእጽዋት ማዕከል አይባልም።

ፊሊ ያለሁ፦
ልክ ነው። እዚህ ፊላደልፊያ አጠገብ ስዋርትሞር የሚባል ኮሌጅ አለ፣ ግቢው በሙሉ ስኮት አርቦሬተም የሚባል የዛፎች ማዕከል ነው፣ ከ1929 ጀምሮ (በፈረንጅ)። መግቢያ አይከፈልም፣ መታወቂያ ሚጠይቅህም የለም፣ ተማሪው ክላስ ሲሄድ የሰፈሩ ሰው ልጁን በጋሪ እየገፋ ታፔላ ያነባል። ሩቅ ነው ካላችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከልን እዩት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከተማ አስተዳደሩ በጋራ ነው ያቋቋሙት።

ቀሃ ማዶ፦
ታፔላው ይደርሳል፣ በሩንስ ምን ልታደርጉት ነው? እትዬን (አክስቴን ማለቴ ነው) አንድ ግቢ በር ላይ ፌስታሏን አስፈትሸው ሲያበቁ ማን ጋ ነሽ ብለው መለሷት፣ ዛፍ ላይ ነኝ ትበል? 😂 እሁድ እንኳን ከፍታችሁ ሰው ካላስገባችሁ ለራሳችሁ ነው። ሌላው ውሃ ነው፣ ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል ፎቶ ይነሳል፣ ከመስከረም ወዲያ ዝናቡ ሲቆም እስከ ግንቦት ጀሪካን ተሸክሞ ሚያጠጣው ማነው? እሱን ሳትጨርሱ አትጀምሩ።

ታሪክ ወዳድ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ዋጊኖስ የሚባለውን ተክል እንዳትረሱ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 (በፈረንጅ) ጎንደር የገባው፣ ተቅማጥ ይዞት በዋጊኖስ እንደዳነ ጽፏል፣ በሳይንስ ስሙም ብሩሲያ አንቲዳይሴንተሪካ ተብሎ የሱን ስም ይዞ ቀረ። ለኛ አያቶች ግን ያኔም ዋጊኖስ ነበር። ፋሲል ግንብ ሊያይ የመጣ ቱሪስት ይሄን ታፔላ ላይ ቢያነብ ቆሞ ፎቶ ያነሳል በሉኝ። እንዳትቀምሱት ግን እንደ መድኃኒት፣ ለማየት ነው ምላችሁ። ኮሶም ደስ ይላል፣ ወንድና ሴት ዛፉ ለየብቻ ስለሆነ ለማስተማር ይመቻል፣ ግን ኮሶ ደጋ ነው ሚወደው፣ ጎንደር ከተማ ላይ ሊለግም ይችላል፣ ለሱ እናትህ አገር ደባርቅ ነው ቦታው።

የብሳናው ልጅ፦
ሚስማሩ ተሰርዟል 🙏 ትናንት ከሁለት ልጆች ጋር ከበሩ እስከ ላይብረሪ እየቆጠርን ሄድን፣ አብዛኛው ግራቪሊያና ጃካራንዳ ነው፣ ከአውስትራሊያና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ማለት ነው፣ ወይራ ሁለት፣ ጽድ አንድ ጥግ ላይ። ሦስቱን ማናችንም ስላላወቅን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁ፣ ሁለቱን ወዲያው ነገረችኝ፣ ሦስተኛውን "ይሄን ያገራችን አይደለም፣ ለመምህርህ አሳየው" አለች። የእሁዱን በር ጉዳይ ሰኞ በደብዳቤ እንጠይቃለን። ደብተሩ ተገዝቷል፣ ቁጥር 1 ያቺ ብሳና ነች፣ "ማን አወቀው" ሚለው ላይ የእማዬን ስም ጽፌያለሁ።