ክርክር፦ የላብራቶሪ ገምጋሚ ከቤንች ይምጣ ወይስ ከኦዲት ቢሮ?

ጠያቂ፣ አዳማ፦ የሕክምና ላብራቶሪ በአይኤስኦ 15189 (የሕክምና ላብራቶሪዎች የጥራትና የብቃት ዓለም አቀፍ ደረጃ) አክሬዲት ሊሆን፣ ማለትም የብቃት እውቅና ሊያገኝ ሲል ገምጋሚው በሌላ ሆስፒታል ቤንች ላይ ያለ፣ ራሱ ምርመራ የሚሠራ ባለሙያ ይሁን ወይስ ሥራው ኦዲት ብቻ የሆነ ሰው? «ሁለቱም ጥሩ ነው» አይቆጠርም።

የጥራት ኦፊሰር፦ ኦዲት ብቻ የሚሠራ። ሙያችን ጠባብ ነው፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ዛሬ የአዳማውን የገመገመ የቢሾፍቱ ባልደረባ ነገ ተገምጋሚ ይሆናል። ማን በማን ላይ ይጨክናል?

ቀይ ቱቦ፦ እህቴ፣ ቼክሊስት ብቻ የያዘ ሰው የሚያመልጠውን ልንገርሽ። ካልቸር ክፍል (ጀርም የሚያበቅሉበት) ውስጥ በጌጅ፣ ማለትም በግፊት መለኪያ የሚሠራ የድሮ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) አለ እንበል። ማኑዋሉ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)፣ 121 ዲግሪ» ይላል፤ ያ ግን ለባሕር ጠለል ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። የውጭው አየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ጌጁ ወደ 17 ተኩል ካልወጣ ውስጡ 121 አይደርስም። ቼክሊስት የያዘው ሰው 15 አይቶ «ተሟልቷል» ብሎ ምልክት ያደርጋል። የቤንች ሰው ግን ጌጁን ትቶ የሙቀት መዝገቡንና የስፖር ምርመራውን (ሙቀት የሚቋቋም ጀርም መሞቱን የሚያሳየውን) ውጤት አምጡ ይላል።

የጥራት ኦፊሰር፦ መዝገብ ካልክ፣ ወንድሜ፣ የፍሪጁንም እንየው። ወሩን ሙሉ 4 ዲግሪ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፤ መብራት የጠፋበት ቀን እንኳ ንቅንቅ አላለም። ጳጉሜን ደግሞ ቅጹ ራሱ የለም። ኦዲተር ይህን ይይዛል። እሱም በራሱ ላብራቶሪ እንዲሁ የሚሞላ ባልደረባ ግን ዓይቶ ያልፋል።

አዲስ ገቢ፦ በስሊፕታ (የአፍሪካ ላብራቶሪዎችን ደረጃ በደረጃ ወደ አክሬዲቴሽን የሚያደርስ የማሻሻያ ፕሮግራም) ኮከብ የሚሰጡ ኦዲተሮች አሉ አይደል? እነሱ በቀጥታ ቢመደቡስ?

ቀይ ቱቦ፦ ስሊፕታ ነጥብ ይደምራል፤ የቼክሊስቱ አንዱ ክፍል ሌላውን ሊያካክስ ይችላል። በአክሬዲቴሽን መካካስ የለም፤ የታካሚን ውጤት የሚያዛባ አንድ ጉድለት ካልተዘጋ ያ ምርመራ እውቅና አያገኝም። ልምዱ ይጠቅማል፣ አስተሳሰቡ ግን ሌላ ነው።

ኬሚስትሪ፣ ሐዋሳ፦ ከየት መጣ ከማለት እንዴት ሠለጠነ ማለት ይሻላል። ለአምስት ቀን የደረጃውን አንቀጽ ማስነበብ ገምጋሚ አያወጣም። አንድ የታካሚ ቁጥር ስጡትና ወደ ኋላ ይከተል፦ የመጠየቂያ ወረቀቱ፣ ደም የተቀዳበትና ላብራቶሪ የደረሰበት ሰዓት፣ የሪኤጀንቱ (የምርመራ ኬሚካሉ) ሎት ቁጥር፣ የዚያ ቀን ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ የማረጋገጫ ናሙና)፣ የሠራው ሰው የብቃት ምዘና። ደሙ ሴረሙ (ፈሳሹ) ከሴሎቹ ሳይለይ በቀይ ቱቦ (የስኳር መጠበቂያ በሌለው) ከቆየ ግሉኮሱ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል። የቀዳው ሰዓት ያልተጻፈበትን ወረቀት አይቶ ዝም ካለ ገና አልበቃም።

ከዚያ አንድ ፋይል ለሁለት ሰልጣኞች ለየብቻ ይሰጥ። አንዱ «ከባድ»፣ ሌላው «ቀላል» ብሎ ከጻፈ ሁለቱም ለግምገማ አይውጡ። ጉድለት ሲጽፉም አንቀጹ፣ ማስረጃው፣ ያዩት ነገር ይኑርበት፤ «አያያዙ ደካማ ነው» የሚል ጽሑፍ ላብራቶሪው ምን እንደሚያስተካክል አይነግረውም። መጀመሪያ ተመልካች፣ ቀጥሎ በሌላ ሰው ሥር፣ በመጨረሻ ራሱ ሲመራ እየታየ። አይኤስኦ 17011ም (እውቅና ሰጪ ድርጅቶች የሚመሩበት ደረጃ) ገምጋሚ በሥራ ላይ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንዲታይ በመርህ ይጠይቃል።

ለመተዋወቁ ደግሞ መላ አለ፤ ላብራቶሪው የገምጋሚዎቹን ስም አስቀድሞ ያውቃል፣ ምክንያት ካለው ይቃወማል። ያማከረ አይገምግም።

የጥራት ኦፊሰር፦ እሺ፣ መሪው ከኦዲት፣ ቴክኒካዊው ከቤንች ይሁን። ግን ሦስት ሰው ባለበት ክፍል አንዱን ለሦስት ቀን የሚለቅ ኃላፊ የት አለ? አበሉንስ ማን ይከፍላል፣ ተገምጋሚው ከሆነ እንደገና ወደ ጥያቄዬ ተመለስን።