የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ፦ የኩላሊት ምርመራ ለእያንዳንዱ አባል

ጸሐፊዋ፦
ለረጂ ድርጅቶች የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ይኸውና። ርእሱ «በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚደርሰውን የኩላሊት ድካም ቀድሞ መከላከል» የሚል ነው። ፍሬ ነገሩ እያንዳንዱ የማኅበራችን አባል በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ምርመራ እንዲያደርግ ነው። አንደኛው በሽንት የሚወጣውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ ኩላሊት ከሚያስወግደው ክሪያቲኒን ከተባለ ቆሻሻ ጋር አነጻጽሮ መለካት፣ ሁለተኛው ከደም ክሪያቲኒን ተነሥቶ የኩላሊትን የማጣራት አቅም ማስላት። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሕመሙ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ አንደኛው ዓይነት ያለበት አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ ይመረመራል። ከካዝናችን ግማሹን እንመድባለን፤ የቀረውን እንጠይቃለን። ጽሑፉ በወሩ መጨረሻ መግባት አለበት። አስተያየት እስከ ዓርብ ድረስ ብቻ እቀበላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ግማሹ ይበዛል። ለስኳር መለኪያ ስትሪፕ የወጣው ገንዘብ እስካሁን አልተወራረደም። ማን እጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ሳይወራረድ አዲስ ወጪ አልፈርምም።

ጡረተኛው መምህር፦
ገንዘቡ ይቆይና ርእሱ ይስተካከል። «የኩላሊት ድካም» ብሎ ነገር ምንድን ነው? የደከመ ሰው ያርፋል፤ ዐርፎም ይነሣል። የሞተ ኩላሊት አይነሣም። በዚህ ርእስ በሚወጣ ጽሑፍ ላይ ስሜ እንዲገባ አልፈቅድም።

ነርሷ፦
መምህር፣ በየሕክምና ቤቱ የሚነገረው ቃል ይኸው ነው፤ ልብም ደከመ እንላለን። ከቃሉ ይልቅ የረቂቁ ቀዳዳ ያሳስበኛል። የአልቡሚኑ ልክ ለአንድ ግራም ክሪያቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ30 እስከ 300 ኩላሊቱ መጎዳት እንደጀመረ ያመለክታል፤ ከ300 በላይ ጉዳቱ ገፍቷል ማለት ነው። ነገር ግን ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከባድ የሰውነት እንቅስቃሴ ሁሉ ልኩን ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ በአንድ ናሙና አይፈረድም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ሁለቱ ከፍ ብለው መገኘት አለባቸው። የድጋሚ ምርመራው ወጪ በረቂቁ አልተያዘም። ይህ ይጨመር።

አዲስ አባል፦
የላቦራቶሪውን ፕሮፎርማ እኔ አመጣለሁ። የማውቀው ሰው አለ፤ እስከ ረቡዕ ይደርሳል።

ጸሐፊዋ፦
ተመዝግቧል። የድጋሚ ምርመራውም ይገባል።

ጡረተኛው መምህር፦
የእኔ አስተያየት አልተመዘገበም። «የኩላሊት ሥራ ማቆም» ተብሎ ይስተካከል።

የሁለት ልጆች አባት፦
በዚህ አልስማማም። የእኔ የማጣራት አቅም በደቂቃ 38 ሚሊሊትር ነው ተብያለሁ፤ ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ስላለፈው የኩላሊት ሕመምተኛ ነህ ተባልኩ። ነገር ግን አላቆመም! ሥራ አቆመ የሚባለው ከ15 በታች ሲወርድ ነው። በእርስዎ ርእስ እኔና እኔን የመሰሉት ከዕቅዱ ውጭ ነን። ምርመራው የታሰበው ደግሞ በትክክል ለእኛ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
እንግዲያውስ «የኩላሊት ውድቀት» ይባል። ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ያለውን ይይዛል።

የሁለት ልጆች አባት፦
ውድቀት? እኔ ወድቄአለሁ? ልጆቼ በሚያነቡት ወረቀት ላይ?

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ስትሪፑ የመለሰልኝ ሰው የለም።

የእጥበት ታካሚዋ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት «ኩላሊትሽ ትንሽ ደከም ብሏል» ተብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ድካም ሲሉኝ ዐረፍኩ። ልጆቼ ባልዲ አላስነሣ አሉኝ፣ ከሰዓት በኋላ መተኛት ጀመርኩ። ወገቤን ሲያመኝ ደግሞ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እየዋጥኩ ነበር፤ ኩላሊትን እንደሚጎዱ የነገረኝ የለም። ቁጥር አልተነገረኝም፣ ቀጠሮም አልተሰጠኝም። ሁለት ዓመት አልፎ ፊቴ ሲያብጥ፣ ምግብ ሲሸተኝ ሲያስመልሰኝ ሄድኩ፤ በዚያው ዕለት በአንገቴ ቱቦ ገብቶልኝ እጥበት ጀመርኩ። ይኸው አራት ዓመቴ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት። ስለ ቃል መከራከር ቀላል ነገር ነው የምትሉ፣ ያ ቃል እኔን አስተኝቶኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
ይኸው! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ነርሷ፦
መምህር፣ እህቴ የተናገረችውን አገላብጠውታል። እሷን የጎዳት ልኳ ሳይነገራት፣ ሳይደገምላት መቅረቱ ነው። በጊዜው አልቡሚኗ ቢታወቅ ግፊቷንና ስኳሯን እየተቆጣጠሩ ጉዳቱን ማዘግየት ይቻል ነበር። ሎሳርታንና ኢርቤሳርታን የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የተጎዳ ኩላሊትን እንደሚረዱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከስኳር መድኃኒቶች ደግሞ በ2019 ካናግሊፍሎዚን፣ በ2020 ዳፓግሊፍሎዚን ተከተሉ። መድኃኒት አለ፤ የሚጠቅመው ግን ቀድሞ ለተደረሰበት ሰው ነው። እናንተ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቃል ትጨቃጨቃላችሁ፤ የዕቅዱን ሁለተኛ ገጽ ያነበበ እንኳን ያለ አይመስለኝም።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔ አላነበብኩም? ሠላሳ ዓመት ቋንቋ ያስተማርኩትን ሰውዬ በልጅ አፍ እንዲህ ማለት ነውር ነው። ስሜ ከኮሚቴው ይሰረዝ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ይሰረዝላቸው።

ጸሐፊዋ፦
ማንም አይሰረዝም። እባካችሁ። ርእሱን ለጊዜው «ስኳርና ኩላሊት» ብቻ አድርጌዋለሁ። ዓርብ አልፏል። ፕሮፎርማውም አልመጣም።

ጡረተኛው መምህር፦
«ስኳርና ኩላሊት» ያስማማል። ትናንት በቁጣ የጻፍኩትን አንሥቻለሁ። ልጄ ነሽ፣ ቅር አይበልሽ።

ነርሷ፦
እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሁለተኛው ገጽ ግን ይነበብ።

የእጥበት ታካሚዋ፦
ካነሣችሁት አይቀር እኔም የምለው አለ። በእጥበት ላይ ያለነው አባላት መዋጮ እንከፍላለን፤ በረቂቁ ግን አንድ መስመር የለንም። በግራ ክንዴ ፊስቱላ አለኝ፤ ለእጥበት ተብሎ ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት ቦታ ነው። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው በቀኝ እጄ መዳሰስ ነው፤ በጨርቅ ውስጥ እንደተያዘች ንብ ይርገበገባል። ከተርገበገበ ቀኑ ቀኔ ነው። ባለፈው ጊዜ ራሴን ስቼ በወደቅኩበት ዕለት የረዱኝ ሰዎች በዚያው ክንድ ግፊቴን ለኩ፣ ደምም ቀዱ። ሲነጋ ዳሰስኩት፤ ጸጥ ብሏል። ተደፍኖ ነበር። ሌላ ተሠርቶልኝ እስኪደርስ ድረስ ለወራት በአንገቴ ቱቦ ኖርኩ። በክንዳችን ላይ «በዚህ እጅ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም» የሚል አምባር ቢኖር ይህ ባልደረሰብኝ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ይህ መልካም ሐሳብ ነው። ዋጋውም ትንሽ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
አምባሩን እፈርማለሁ።

የእጥበት ታካሚዋ፦
ከአምባሩ ጋር ትንሽ ካርድ ይኑር። ራሴን የሳትኩት ስኳሬ ወርዶ ነው። እጥበት ከመጀመሬ በፊት በነበሩት ወራት ስኳሬ ያለ ምክንያት እየወረደ ሲመጣ ዳንኩ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ ስእለትም አስገብቻለሁ። ለካስ የደከመ ኩላሊት ኢንሱሊንን ቶሎ ስለማያስወግድ የወጋሁት መርፌ በሰውነቴ እየቆየ ነበር። መጠኑ መቀነስ ነበረበት። እጥበት ከጀመርኩም በኋላ የቀድሞውን መጠን ስወጋ ነው የወደቅኩት።

ነርሷ፦
እውነት ነው፤ ይህ በካርዱ ይግባ። የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ ምርመራም በእጥበት ላይ ያለን ሰው እንደሚያታልል ይጻፍ፤ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ዕድሜያቸው ስለሚያጥር ስኳሩ ከፍ ብሎ ሳለ ዝቅተኛ ሊያሳይ ይችላል። በሆድ በኩል እጥበት የሚያደርጉና አይኮዴክስትሪን የሚባለውን ፈሳሽ የሚጠቀሙ ደግሞ አንዳንድ የጣት መለኪያዎች ከእውነቱ የበዛ ቁጥር ስለሚያሳዩአቸው፣ በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን ከተወጉ አደጋ ነው። የትኛው መለኪያ እንደሚስማማቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጡረተኛው መምህር፦
የካርዱን ጽሑፍ እኔ አርማለሁ። አጭርና ግልጽ ይሆናል።

የሁለት ልጆች አባት፦
ቀለሙ ቀይ ይሁን፤ ከሩቅ ይታያል።

ገንዘብ ያዥ፦
ቀይ ቀለም ዋጋ ይጨምር እንደሆነ መጀመሪያ ይጣራ።

ጸሐፊዋ፦
የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው። ርእስ፦ «ስኳርና ኩላሊት»። ምዕራፍ አንድ፦ አምባር፣ ካርድና የአንድ ቀን ሥልጠና። ምዕራፍ ሁለት፦ የሽንትና የደም ምርመራ፣ በሚቀጥለው በጀት ገንዘብ ሲገኝ። የላቦራቶሪው ፕሮፎርማ ስላልደረሰ ምርመራውን በምዕራፍ አንድ ማስገባት አልቻልኩም።

ነርሷ፦
የተነሣነው ለምርመራው ነበር። አምባሩ የሚታሰረው ምርመራ ያመለጠው ሰው ክንድ ላይ ነው። ሁለቱም በምዕራፍ አንድ ይግቡ፤ ቢያንስ አልቡሚኑ ብቻውን ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦
ያለ ፕሮፎርማ የሚፈረም ነገር የለም። ስትሪፑም ይወራረድ።

የእጥበት ታካሚዋ፦
አምባሩን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ሌላውን አውጡ አላልኩም። የበኩር ልጄ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከተገኘበት ስምንት ወሩ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ መሠረት ኩላሊቱ እስካሁን መታየት ነበረበት። አሁን እሱ በየትኛው ምዕራፍ ነው የሚመረመረው?

ጸሐፊዋ፦
ፕሮፎርማ አመጣለሁ ያልከው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ መልስ ስጥ። ረቂቁን የማስገባው ነገ ከሰዓት በኋላ ነው።