ሳላነብ የፈረምኩት ደብተር

የአያት መስመር ሹፌር (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። የማማክራችሁ ነገር ትንሽ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ስሜን ልተወው።

ሚኒባስ ነው የምነዳው፤ ከአያት መገናኛ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እወጣለሁ። ማታ ሂሳብ አስረክቤ ቤት ስገባ 3 ሰዓት አልፏል፤ ልጄ ተኝቷል። 4ኛ ክፍል ነው፣ የግል ትምህርት ቤት። እኔ 8ኛን ሳልጨርስ ነው ከአገር ቤት የወጣሁት። ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች፤ በትምህርት እሷም ከእኔ ብዙ አትርቅም። ክፍያውን ግን አንድ ወር አሳልፈን አናውቅም። እኔን የቀረኝ ለእሱ አይቅርበት ብዬ ነው።

ትምህርት ቤቱ ኮሚኒኬሽን ቡክ የሚሉት ደብተር አለው። መምህሯ ትጽፋለች፣ ወላጅ ይፈርማል። ማታ ስገባ ደብተሩ ከራቴ አጠገብ ይጠብቀኛል፤ ገጹ ተገልጦ፣ እስክሪብቶ መሐሉ ላይ ተጋድሞ። በአንድ እጄ እየጎረስኩ በሌላው እፈርማለሁ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለፊርማ ደግሞ ማን ብሎኝ፤ የትራፊክ ክስ ስንቱን ፈርሜያለሁ።

ባለፈው ሳምንት መምህሯ ደወለች። ተሳፋሪ ጭኜ ቆሜ ነው ያነሳሁት። «አባት፣ ሦስት ጊዜ ጽፈንልዎት ሦስቱንም ጊዜ ፈርመው መለሱልን። ምነው ሳይመጡ ቀሩ?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ረዳቴ «ሳበው እንጂ!» እያለ በሩን ይደበድባል።

ለካ የመጀመሪያው «ልጁ የቤት ሥራ አይሠራም» ነው የሚለው። ሁለተኛው «ሐሙስ ይምጡ»። ሦስተኛው «ሒሳብ ወድቋል፣ እባክዎ ይምጡ»።

ልጄ እንግሊዝኛ ያነባል። ገጹን ገልጦ፣ እስክሪብቶውን አጋድሞ የሚያስቀምጥልኝ እሱ ነው። እኔ እንደማላነብ ያውቃል። ያን ቀን ማታ ቀሰቀስኩት፣ ቀበቶዬንም ፈታሁ። ከዚያ ቆም አልኩ። ማንን ነው የምገርፈው? የፈረምኩት እኔ።

አሁን ጥያቄዬ። ለመስከረም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ላዙረው? እዚያ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ስለሚማሩ ቢያንስ ደብተሩን አነባለሁ። ወይስ አስጠኚ ልቅጠር? የሰፈራችን ልጅ በወር 3,000 ብር ብሎኛል። ወይስ እኔ ራሴ ላደርገው የምችለው ነገር ይኖራል? አንድ ልጨምር። ዓምና የወላጆች ስብሰባ ሄጄ ዘበኛው «የማን ሹፌር ነህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግቢውን ረግጬ አላውቅም።

መምህር ነኝ

ወንድሜ፣ 12 ዓመት አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ የእኛን ጥፋት ልናገር። ያንን ማስታወሻ በእንግሊዝኛ የምንጽፈው ለአንተ ብለን አይደለም። ዩኒት ሊደሩ፣ ማለትም የእኛ የመምህራኑ አለቃ፣ ሲያገላብጠው እንዲያምር ነው። ወላጁ ገባው አልገባው ብሎ የሚጠይቀን የለም፤ ፊርማ ካለ አለቀ። ስለዚህ ነገ እዚያው ደብተር ላይ በአማርኛ «እባክሽ በአማርኛ ጻፊልኝ» ብለህ ጻፍላት። ወይም በቴሌግራም ድምፅ ላክላት፣ በድምፅ ትመልስልሃለች። ተራ ስትጠብቅ ትሰማዋለህ።

አስጠኚውን ለጊዜው ተወው። ስንቱ አስጠኚ የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶ ነው የሚሄደው። እኛ ክፍል ውስጥ እናውቀዋለን፤ ደብተሩ ሙሉ፣ ፈተናው ባዶ።

አንተ መልሱን ማወቅ የለብህም። «ዛሬ የተማርከውን ለእኔ አስተምረኝ» በለው፣ በአማርኛ። ሲያስረዳህ የሚንተባተብበት ቦታ ላይ ነው ያልገባው። እሱን ቦታ ለመምህሯ ንገራት፣ ሌላው የእሷ ሥራ ነው። ደግሞ ሒሳብ አልችልም እንዳትለኝ። የቀን ገቢን ለነዳጅ፣ ለረዳትና ለባለንብረት በጭንቅላትህ የምታካፍል ሰውዬ ነህ።

ቀበቶውን መልሰህ በማሰርህ እሰይ። ውጤት የደበቁ ልጆችን ጠይቄ አውቃለሁ። የሚሉኝ አንድ ነው፤ «አባዬ ይመታኛል»።

ገረመኝ

ይቅርታ ግን አቅም ሳይኖር የግል ትምህርት ቤት ምን አስኬደህ? ይሄ ሁሉ የሰፈር ፉክክር ነው።

የአያት መስመር ሹፌር

አቅሙ አለኝ ወንድም። የሌለኝ እንግሊዝኛው ነው።

የሦስት ልጆች እናት

የእኔዎቹ ሦስቱም መንግሥት ትምህርት ቤት ናቸው፤ እኔም የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አባል ነኝ። ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፤ ደብተሩም ዩኒፎርሙም ከከተማው ነው። ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው፣ አልዋሽም። ግን እንግሊዝኛውን ሽሽት ብለህ እንዳታመጣው። 7ኛ ላይ ሳይንሱም ሒሳቡም በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆናል። ትልቋ ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት እያለቀሰች ነው የገባችው። 8ኛ ላይ ደግሞ ሚኒስትሪ አለ። አንተ የምትሸሸው ነገር ሦስት ዓመት ቆይቶ ይጠብቅሃል።

የስብሰባውን ነገር ደግሞ ተወው። እኛ ጋ አባቶች የሚመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስብሰባ ሲባል ስለ መዋጮ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ነውም። ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ይጠሩን ነበር፤ ጉሊት የምትቸረችር እናት በዚያ ሰዓት እንዴት ትምጣ? ተጨቃጭቀን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው፣ ሰው መጣ። አንተም የሚመችህን ሰዓት ንገራቸው። የምትከፍልበት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ግን ታሪኩ የእኔ ነው። ትምህርት ቤት ስጠራ ልጄን ይዤ እሄድ ነበር፣ እንዲያስተረጉምልኝ። መምህሯ አምስት ደቂቃ ታወራለች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ «ጎበዝ ነው ትላለች» ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ሁለት ዓመት!

እዚህ ትምህርት ቤቱ ወላጁን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት፤ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያመጡልሃል። አላውቅም ነበር። ያወቅኩ ቀን መምህሯ የምትለውን በአማርኛ ሰምቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድሜ፣ ልጅህን በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርገው። ለጊዜው የስልክህን ካሜራ በጉግል ትራንስሌት ደብተሩ ላይ አድርግ። የእጅ ጽሑፍ ላይ ይዘባርቃል፣ ግን መጠራትህን አታጣውም።

የአያት መስመር ሹፌር (ከአሥር ቀን በኋላ)

ሄድኩ። መኪናውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ፣ የሠርጌን ጃኬት ለብሼ። ዘበኛው አፉን ሳይከፍት «የ4ኛ ቢ ተማሪ አባት ነኝ» አልኩት። «ግቡ ጋሼ» አለኝ።

መምህሯ ገና ልጅ ናት። የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ተቀመጥኩ። አለማንበቤን ነገርኳት፤ ፊቴ ደም እስኪመስል ድረስ። እሷ ደግሞ «እኔኮ ንቀውኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ነው የምትጽፍልኝ።

የባሰው ሌላ ነው። ልጁ የቤት ሥራ የማይሠራው ለምን እንደሆነ ነግሯታል። ማታ ማታ እናቱን እያገዘ እንጀራ በላስቲክ ያሽጋል። ለነገ የምታስረክበው እስኪያልቅ ይቆያል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥለዋል። እኔ ስገባ ሁሉም ተጣጥፎ ተቀምጦ ነው የማገኘው። ስለ ቤቴ መምህሯ ከእኔ የበለጠ ታውቅ ነበር። ባለቤቴን ብቆጣት በምን አፌ? እሷስ ብቻዋን አይደል። አሁን የእህቷ ልጅ እየመጣች ታሽጋለች፤ ትንሽ እንከፍላታለን። ከ3,000 ብር ይሻላል።

ለመስከረም ገና አልወሰንኩም። እሁድ እሁድ ግን መኪናው ስለሚቆም አብረን እንቀመጣለን። መምህር ወንድሜ እንዳለው አስተምረኝ አልኩት። ክፍልፋይ ነው የያዙት። የቅዳሜን ገቢ ሰጠሁት፤ ነዳጁ ስንት እጁ ነው፣ የረዳቱ ስንት፣ የባለንብረቱ ስንት። ምላሱን አውጥቶ ሠራው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና «አባዬ፣ ታዲያ ለእኛ የምትቀረው ይቺ ብቻ ናት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልክ ስለነበረ ግን ራይት አደረግኩለት።