አቤት ብላ የተገደለች ሴት ጉዳይ መንግሥትን ያስጠይቃል? (ክርክር)

— እኔ ልጀምረው። ሰውየው ሚስቱን ከገደለ ገዳዩ እሱ ነው፤ ይፈረድበት። መንግሥትም አብሮ ይጠየቅ የሚባለው ግን አይዋጥልኝም። በየመኝታ ቤቱ ፖሊስ ያቁም እንዴ?

— በየመኝታ ቤቱ ፖሊስ ይቁም ያለ የለም ወንድሜ። ጥያቄው ከነገሩት በኋላ ምን አደረገ ነው። በቱርክ ኦፑዝ የተባለችውን ሚስት ጉዳይ እየው። ባልየው ሚስቱንና አማቱን ሲደበድብ ኖረ። በመኪና ገጫቸው። ሚስቱን ሰባት ቦታ በቢላ ወጋት። ለዚህ የተፈረደበት የገንዘብ ቅጣት ነው፤ እሱም በስምንት ጊዜ ተከፋፍሎ የሚከፈል! አማቱ ለሕይወቴ እሰጋለሁ ብላ አመለከተች። እ.ኤ.አ. በ2002 ተኩሶ ገደላት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2009 የቱርክን መንግሥት ተጠያቂ አደረገ።

— አንድ ነገር ዘለልሽ እህቴ። ሴቶቹ እኮ አቤቱታቸውን ደጋግመው ትተውታል። ከሳሿ ራሷ ትቼዋለሁ ስትል ፖሊስ ምን ያድርግ?

— ለምን ተውሽው ብሎ ይጠይቃታ! እገላችኋለሁ እያለ ሲዝትባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱም ወንጀሉ ከባድ፣ አደጋውም የቀጠለ ከሆነ ከሳሾቹ አቤቱታውን ቢተውትም ዐቃቤ ሕግ ክሱን መግፋት አለበት ነው ያለው።

— የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትስ? በ2005 በካስል ሮክ ከተማ ጉዳይ፣ ፖሊስ የጥበቃ ትእዛዝ (ባል እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት የሚሰጠውን) እንዲያስፈጽምልሽ የሚያስገድድ ሕገ መንግሥታዊ መብት የለሽም ብሏል ለአንዲት እናት።

— ካነሳኸው አይቀር ታሪኩን ጨርሰዋ። እናትየዋ ትእዛዙ በእጇ ነበር። አባትየው ሦስት ሴት ልጆቻቸውን ይዞ ጠፋ። ፖሊስ ጋ ስትደውል እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ጠብቂ አሏት። ደግማ ስትደውል እስከ እኩለ ሌሊት። ልጆቹ ሞተው ተገኙ። የአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2011 አሜሪካ ግዴታዋን አልተወጣችም ብሏል።

— ኮሚሽን ፍርድ ቤት አይሽርም። ግን እሺ፣ መንግሥት ሰምቶ ዝም ካለ ይጠየቅ። ማንም ያልነገረውስ?

— የአውሮፓው ፍርድ ቤት መለኪያ እኮ ግልጽ ነው፤ እውነተኛና ቅርብ አደጋ መኖሩን ያውቅ ነበር? ወይስ ማወቅ ነበረበት? ካልሆነ አይጠየቅም። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የምትደበደበዋ ሴት ማታ ነው። ልጆቿን ይዛ ወጥታ የምታድርበት ካጣች ተመልሳ እዚያው ቤት ናት። አቤቱታዋን ከሚያስተዋት ነገር አንዱ ይሄ ነው። የመጠለያውን ወጪ በጎ አድራጊዎች ይቻሉት የምትል ከሆነ፣ ክርክራችን ገና አላለቀም።