ባዶ ትሬለር ይዤ በነፋስ አልነዳም ስል ምን ላድርግ?

ሰላም ሹፌሮች፤ በተለይ አሜሪካ ትራክ የምትነዱ። ምክር ፈልጌ ነው።

ሥራዬ ብዙ ጊዜ በዋዮሚንግ፣ አይ-80 አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከላራሚ እስከ ሮሊንስ፣ ኤልክ ማውንቴን አካባቢ ያለውን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትሬለሩ ባዶ ከሆነ መሪው ይታገልሃል፤ በመስታወት ስታይ የኋላው ጎማ መስመሩን እየረገጠ ነው። ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸር ግን "ሌሎቹ እየነዱ ነው፣ አንተ ምን ሆንክ?" ይለኛል። እምቢ ካልኩ በማግስቱ ሎድ (ጭነት) የለም። የትራኩ ክፍያ ደግሞ ሎድ ኖረም አልኖረም ይቆረጣል።

ሕጉን አይቼዋለሁ። የፌዴራሉ ደንብ 392.14 የአየሩ ሁኔታ በጣም ከከፋ መንዳት ይቁም ይላል። ትሬለሩ ቢገለበጥ የሚበላሸው የኔ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ነው፣ ዲስፓቸሩማ ቢሮው ቡናውን እየጠጣ ነው። እምቢ በማለቱ የተቀጣ ሹፌር በ180 ቀን ውስጥ ለኦሻ (ለፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ማመልከት ይችላል፤ በ1099 (ተቀጣሪ ሳይሆን በግል ኮንትራት) የሚሠራም ጭምር። እዚህ ድረስ ገብቶኛል።

የቸገረኝ ማስረጃው ነው። ዲስፓቸሩ ሁሉን በስልክ ነው የሚያወራው፤ ቴክስት አይጽፍም። ሎድ ሲቀንስብኝም መልሱ "ገበያው ቀዝቅዟል" ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በጽሑፍ እንዲመልስ እንዴት ታደርጉታላችሁ? እኔው ልጻፍለት ብል ምን ብዬ? የመንገድ ማስጠንቀቂያውን ፎቶ ማያያዝ ይበቃል? ለኦሻ ያመለከታችሁ ካላችሁ ከምን ጀመራችሁ?

ሐሙስ ነፋሱ ይጠነክራል ስላሉ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።