ያው ቅመም፣ ያው ደቂቃ፤ አንዴ አናታዝ፣ አንዴ ባዶ ጉብታ

ነጭ_ዱቄት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ሥራዬ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ (እጅግ ደቃቅ) ዱቄት መሥራት ነው። ላባችን የኬሚስትሪ ማይክሮዌቭ ስለሌለው 700 ዋት የሚል የምግብ ማሞቂያ ነው የምጠቀመው። 5 ሚሊ ሊትር ቲታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ ትንሽ ናይትሪክ አሲድ ያለበት ውሃ ላይ ጠብ ጠብ አደርግና እያማሰልኩ ቆይቼ "ዝቅተኛ" ላይ 10 ደቂቃ አሞቀዋለሁ። የመጀመሪያው ኤክስአርዲ (የክሪስታሉን ዓይነት የሚለይ የኤክስሬይ ምርመራ) ላይ 25.3 ዲግሪ ላይ ሰፋ ያለ ግን ግልጽ የአናታዝ ጫፍ ሰጠኝ፤ አናታዝ የምፈልገው የክሪስታል ዓይነት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ጉብታ ብቻ፣ ክሪስታል አልሆነም ማለት ነው! አማካሪዬ "አሠራርህን አስተካክል" ብሎኝ ሄደ። ምኑን? የአይሶፕሮፖክሳይዱ ጠርሙስ እያለቀ ነው፤ ሌላ እስኪመጣ ወራት ነው።

ቢከር_ሰባሪ፦
450 ዲግሪ ፈርነስ (የላብ ምድጃ) ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆየው፤ አናታዝ ይሆንልሃል።

ነጭ_ዱቄት፦
እሱማ ይሆናል። ታዲያ ማይክሮዌቩ ምን ሠራ ልበል? ርዕሴ ላይ ተጽፏል እኮ 😅

የደሴዋ፦
ወንድሜ፣ "ዝቅተኛ" ማለት ዋቱ ቀነሰ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የቤት ማይክሮዌቮች ጥቂት ሰከንድ በሙሉ ጉልበት ይሠሩና ያርፋሉ። ጆሮህን ጣልበት፣ ድምፁ ሲቀየር ትሰማዋለህ። 700 የሚለውንም አትመነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉ ላይ ሁለት ደቂቃ አሙቅ፤ አማስለህ ስንት ዲግሪ እንደጨመረ ለካና በ35 አባዛው፤ ውሃው ውስጥ የገባው ዋት እሱ ነው። ጠዋትም ማታም ሞክረው፤ መብራት ሲደክም ማይክሮዌቭም አብሮ ይደክማል።
ሌላው፣ አዲስ አበባ ከሆንክ ውሃህ 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ክፍት ዕቃ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ግን አደራ፣ ሙቀት ልጨምር ብለህ ክዳን እንዳታጠብቅ፣ ይፈነዳል። አልኮልም እንዳታስገባ፤ አይሶፕሮፖክሳይዱ ውሃ ሲነካ የሚወጣው አይሶፕሮፓኖልም አልኮል ነውና፣ ከማሞቅህ በፊት በተቻለህ መጠን እንዲተን አድርግ።

ነጭ_ዱቄት፦
እህቴ፣ ለካሁት። ጠዋት 15 ዲግሪ ጨመረ፣ 525 ዋት መሆኑ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ግን 9 ብቻ፣ 315! ደብተሬን ሳገላብጥ የመጀመሪያውን የሠራሁት ጠዋት ነው፤ ሁለቱን የከሸፉትን ከክፍል በኋላ፣ ልክ ሰፈሩ ሁሉ የእንጀራ ምጣዱን ሲሰካ። እኔ አሲዱን ስጠረጥር ነው የከረምኩት።
ነገ በማለዳ እደግመዋለሁ። ስታቢላይዘር ይህን ማይክሮዌቭ ይችለው ይሆን? የሞከረ አለ?



ቢከር_ሰባሪ፦
ከሶኬት የሚስበው ከ700 በላይ ነው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ግብዓት አይተህ ከዚያ ከፍ ያለ ግዛ።